የኮባልት መረብ

የሻይ ዕቃ ሰብሳቢ ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ ስኒውን ገልብጦ መቀመጫውን ያያል። ከማኅተሙ ፋብሪካውንና ዘመኑን ይለያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ለብዙው የሻይ ዕቃ ይህ ያስኬዳል። በሌኒንግራድ የሎሞኖሶቭ ፋብሪካ ለሠራው፣ «የኮባልት መረብ» ለሚባለው ግን አይበቃም። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ዕድሜውም የገፋ ሆኖ ሥራው ተራ የሆነ ስኒ አለ፤ በቅርብ ተሠርቶ እጅን በአፍ የሚያስጭንም አለ። ልዩነቱን የሚናገረው መስመሩ ነው።

ሥዕሉን በቃል መግለጽ ቀላል ነው። በነጭ ፖርሴሊን ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ከስኒው አፍ ተነሥተው፣ ገሚሶቹ ወደ ቀኝ፣ ገሚሶቹ ወደ ግራ እያዘነበሉ ይወርዳሉ። ሲተላለፉ መረብ ይሆናሉ፤ በተገናኙበት ሁሉ ትንሽ የወርቅ ፈርጥ ተቀምጣለች። አበባ የለም፣ ወፍ የለም፣ ስለዚህ መደበቂያም የለም። አበባ የምትሥል እጅ ብትንሸራተት ቅጠል ጨምራ ትሸፍነዋለች። እዚህ ግን አንዱ መስመር ትንሽ ቢዛባ ከጎኑ ያሉት የመረቡ ዓይኖች ሁሉ ይጣመማሉ።

እኔ ብዙ ጊዜ የምቆይበት ቦታ ስኒው ወደ መቀመጫው የሚጠብበት ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ላይኛዎቹ ዓይኖች ዘና ያሉ ናቸው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ያው የመስመር ብዛት በጠበበ ዙሪያ ላይ መግባት አለበት። መስመሩ ራሱ አብሮ ካልቀጠነ ታችኛው ክፍል ይጠቁርና ስኒው የተጫነው ይመስላል። ጥሩ እጅ ብሩሹን በእኩል ፍጥነት እየጎተተች ጫናውን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፤ ዓይኖቹ እያነሱ ቢሄዱም ቅርጻቸው አይለወጥም፤ ነጩም እስከ መጨረሻው ነጭ ሆኖ ይተነፍሳል። ቅርጹ «ቱሊፕ» ይባላል፤ ሴራፊማ ያኮቭሌቫ በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው ነው። መረቡ ከቅርጹ በኋላ የመጣ ቢሆንም፣ የስኒው ሆድ የት እንደሚሞላና የት እንደሚሸሽ ዓይን የሚያስተውለው በመስመሮቹ ነው።

መረቡን የሣለችው አና ያትስኬቪች ናት። በ1904 ተወልዳ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በፋብሪካው ሠርታለች፤ የፋብሪካው ስም ሦስት ፊደላት የተጠላለፉበት የታወቀው ማኅተምም የእርሷ ሥራ ነው። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቧ በረሃብ ሲያልቅ ከተማዋን ሳትለቅ ቆየች። መረቡን ያወጣችው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ግድም ነው። ሐሳቡ በከበባው ሌሊት ሰማይ ላይ ከሚተላለፉት የፀረ አውሮፕላን መብራቶች፣ ወይም መስኮት እንዳይረግፍ በሰያፍ ከተለጠፈው ወረቀት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የሚያምር ወሬ ነው፤ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ዓይን የሚመሰክርለት ሌላ ምንጭ አለ። ፋብሪካው በ1744 በሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ትእዛዝ ሲቋቋም የፖርሴሊኑን ምሥጢር በራሱ ሙከራ የደረሰበት ዲሚትሪ ቪኖግራዶቭ ነበር። በዚያው በመጀመሪያው ዘመን ለንግሥቲቱ የተሠራ የማዕድ ዕቃ አለ፤ የወርቅ መስመሮች መረብ ሆነው ይተላለፉበታል፣ መገናኛቸው ላይም ትንንሽ ሐምራዊ አበቦች አሉ። ያትስኬቪች ከዚያ ላይ ያነሣችውና የቀነሰችው ይታየኛል። አበቦቹን አወጣች፤ ወርቁን ከመስመሩ ወስዳ ነጥብ አደረገችው፤ መስመሩን ለኮባልት ሰጠች። መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል፤ ያደረገችውም ያንን ነው።

ኮባልት የዋዛ ቀለም አይደለም። ካኦሊን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ያለበት ጭቃ ቅርጽ ይዞ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ በመጠነኛ ሙቀት ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ ገላው ደረቅና ጠጪ ነው፤ ብሩሹ የነካውን ወዲያው ይመጠዋል። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ቢሳሳት በቢላዋ ፍቆ ያቃናል፤ እዚህ ግን የገባ ቀለም አይወጣም። በዚያ ላይ ሠዓሊዋ ሰማያዊውን አታየውም፤ ከመተኮሱ በፊት ቀለሙ ግራጫማ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ላይ ኮባልት የተሞላ ልዩ እርሳስ ተሞክሮ ነበር ይባላል፤ መስመሩ ወጥ አልሆን ስላለ ወደ ብሩሽ ተመለሱ። ከሥዕሉ በኋላ ስኒው መስታወታማ ልባስ ይነከርና ከ1300 ዲግሪ በላይ ወደሚነድ እቶን ይገባል። አብዛኛው ቀለም በዚያ ሙቀት ይጠፋል፤ ኮባልት ግን ይጸናል፣ ከልባሱ ሥር ሆኖም ያን ጥልቅ ሰማያዊ ይሰጣል። ወርቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከልባሱ በላይ ነው፤ ስለዚህም በጣም ባነሰ ሙቀት አንድ ጊዜ እንደገና ይተኮሳል።

በ1958 በብራሰልስ የዓለም ኤግዚቢሽን መረቡ የወርቅ ሜዳሊያ ሲያገኝ ያትስኬቪች ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናው ገነነ፤ ቀጂውም በዛ። በማተሚያ ተለጣፊ የተሠራ መረብ በማጉያ መነጽር ሲታይ መስመሩ ከአፍ እስከ መቀመጫ አንድ ውፍረት ነው፤ በስኒው ጆሮ አካባቢም የተለጣፊው ጫፎች የተጋጠሙበት ስፌት ይገኛል። በእጅ የተሣለው ላይ ግን ብሩሹ ቀለም ሞልቶ የተነሣበት ቦታ ጠቆር ይላል፤ እያለቀበት ሲሄድ ይሳሳል። ይህን መወፈርና መሳሳት እንደ ጉድለት የሚያይ ገዢ አለ። እኔ ዕቃውን የምገዛው ስለ እርሱ ነው።

አሮጌ ይሻላል ወይስ አዲስ ለሚለው፣ በዚህ ዕቃ ላይ ዕድሜ ብዙ አያሳስበኝም። ፋብሪካው ከ1968 ወዲህ የከብት አጥንት አመድ የተቀላቀለበት ስስ ፖርሴሊንም ይሠራል፤ ብርሃን ላይ ሲያዝ ጣት ያሳያል፣ ለከንፈርም ይመቻል። ቢሆንም መረቡን በወፍራሙ በቀድሞው ፖርሴሊን ላይ እወደዋለሁ፤ መስመሩ ክብደት ያለው ነገር ላይ ሲያርፍ ይጸናል።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሰዎች ቤት፣ ከቡፌው መስታወት ጀርባ ይህን መረብ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ አይደለም፦ በራዱ አለ፣ ክዳኑ የለም፤ ስኒው አራት፣ ማስቀመጫው ስድስት። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሽያጭ ከቀረበ ስኒውን በጥፍር መታ አድርጎ መስማት ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ጠርዙ ላይ ወርቁ ከለቀቀ ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ ለአስተዋይ ገዢ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ከልባሱ ሥር ያለው ኮባልት በእጥበት አይለቅምና። ወርቁን እንደ አዲስ ማስቀባት ግን አልመክርም፤ አዲሱ ወርቅ ከአሮጌው መስመር ጋር አይስማማም። የጎደለውን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ለማሟላትም መቸኮል አያስፈልግም። የሰማያዊው ጥልቀት ከእቶን እቶን፣ የመስመሩ አካሄድ ከእጅ እጅ ይለያያል፤ ስድስቱን ስኒ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ደርድሮ እንግዳውን መለየት ይቻላል። ከተለያየ እጅ ከተለቃቀመ ስድስት ይልቅ አንዲት ሠዓሊ የሣለቻቸውን ሦስት እመርጣለሁ።