«የክር ደኅንነት» ስለሚለው ስያሜ

በኮምፒዩተር ሙያ «ትሬድ ሴፍቲ» የሚባለውን «የክር ደኅንነት» ብሎ መተርጐም ቀላል ነው፤ ቃል በቃል ቢታይም እንከን አይገኝበትም። ጉድለቱ የሚገለጠው ነገሩን ስንመረምር ነው። አንድ ፕሮግራም ብዙ የሥራ ሂደቶችን ጐን ለጐን ሲያስኬድ እያንዳንዱ ሂደት ክር ይባላል፤ ክሮቹም ሁሉ አንድ ማኅደረ ትውስታ ይጋራሉ። እንግዲህ ስያሜው የሚናገረው ስለ ክሩ ደኅንነት ሳይሆን፣ ብዙ ክሮች በአንድ ጊዜ ቢጠሩትም ስለማይዛባው ተግባር ነው። «የክር ደኅንነት» ሲባል ግን ክሩ እንዳይበጠስ የሚደረግ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ማተብ ላሰረ አንባቢማ ሌላም ነገር ሳያስታውስ አይቀርም።

የስያሜው ጉድለት ይበልጥ የሚጐዳው አሮጌና አዲስ ቋንቋዎች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲገናኙ ነው። ሲ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲፈጠር ስለ ክር የሚናገር ደንብ አልነበረውም፤ ይህ በይፋዊ ደንቡ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የመጀመሪያ የጸና እትሙ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ራስት ግን፣ ክሮች በአንድ መረጃ ላይ የሚያደርጉትን ሽሚያ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ እንዲከለክል ተደርጎ የተሠራ ነው። ይሁንና የሰዓት ቀጠናንና የመሳሰሉትን ምርጫዎች የያዘውን የፕሮግራሙን የጋራ ሠንጠረዥ ለመለወጥ ራስት በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ የሲን ተግባር ይጠራል። ራስት በበኩሉ ቆልፎ ይሠራል፤ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለው የሲ ክፍል ግን ቁልፉን ስለማያውቀው ሰዓት ለማስላት ሠንጠረዡን እንዳሻው ያነባል። በዚህ መካከል ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ፣ አንባቢው ክር የሚያገኘው የተለቀቀ ማኅደር ነው፤ ፕሮግራሙም ሊወድቅ ይችላል። ሰነዱ ቢያስጠነቅቅም ተግባሩ ለዓመታት እንደ አስተማማኝ ተቈጥሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በተለቀቀው «የ2024 እትም» ግን «አንሴፍ» የሚል ምልክት ተደረገበት።

ይህን ምልክት «አደገኛ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ያሳስታል። ምልክቱ ኮምፓይለሩ ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር ጸሐፊው ራሱ እንደሚያረጋግጥ የሚገልጽ ነው። ለዚህ «ዋስ» የሚል ጥንታዊ ቃል አለን፤ «በጸሐፊው ዋስትና» ቢባል ኃላፊነቱ ወደ ማን እንደተዛወረ ወዲያው ይታወቃል። «አደገኛ» የሚለውን ያነበበ ግን ወይ ይሸሻል፣ ወይም በማን ላይ ምን ግዴታ እንደወደቀ ሳይረዳ ያልፈዋል።

«እሽቅድምድም» የሚለውም መለየት ይገባዋል። እሽቅድምድም ቀዳሚና ተከታይ አለው፤ ስለዚህ ውጤቱ በቀደመው ክር ለሚወሰን ሁኔታ ይስማማል። ሁለት ክሮች ያለ ቅደም ተከተል በአንድ መረጃ ላይ ሲረባረቡ፣ ቢያንስ አንዱም ሲጽፍበት፣ ይህ ሽሚያ ነው። ራስት የሚከለክለው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል የተጠቀመ ተርጓሚ ለቋንቋው ያልገባውን ቃል ይገባለታል።

«ክር» ግን ይቆይ። ለዋናው ስያሜ «በብዙ ክር የማይዛባ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ረዝሟል መባሉ አይቀርም፣ ነገር ግን የሚገልጸው ተግባሩን እንጂ ክሩን አይደለም።