የዘፈን መለያ በመኪና ቴፕ ላይ፤ ስለ ጥቂት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ በሚያወጣው መንገድ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች የመኪናቸውን ሙዚቃ ማጫወቻ ዛሬም «ቴፕ» ይሉታል። ካሴቱ ቀርቶ ዘፈን በፍላሽ መጫን ከተጀመረ ስንት ዘመኑ! ይህን ስያሜ ለማረም ግን አንሻም፤ አድማጩም ተናጋሪውም የሚግባቡበት ቃል ነውና።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በዚሁ መንገድ ስንጓዝ የቴፑ መስኮት የዘፋኙን ስም ሊያሳይ ሲገባው አንድ ጊዜ ባዶ ሳጥኖችን፣ አንድ ጊዜ የጥያቄ ምልክቶችን፣ ፍላሹ ሲለወጥ ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትን ደረደረ። አሽከርካሪው ሦስቱንም «አማርኛ አያነብም» ብሎ ጠቀለላቸው። በእርሱ አንፈርድም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳጥኑ ፊደሉ በደኅና መድረሱን፣ ነገር ግን ማጫወቻው የፊደላችን ቅርጽ ማለትም ፎንት እንደሌለው ያመለክታል። የላቲኑ ዝብርቅርቅ ኮዱ በሌላ ሥርዐት መነበቡን ያሳያል። የጥያቄው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ሲሻገር ለመጥፋቱ ማስረጃ ነው፤ ያን ጊዜ ፎንት ቢጫንም አይመለስም።

እንግዲህ «ኢንኮዲንግ» የሚለውን «ምስጠራ» እያሉ የሚተረጕሙ ባልደረቦቻችንን የምንወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። ምስጠራ ከባዕድ ዐይን መሰወር ነው፤ ይህ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቍጥር መስጠት ነው። «ኮድ አሰጣጥ» ቢባል ውበት ባይኖረውም አያሳስትም።

ለፋይሉ የሚለጠፈውን ጽሑፍ «ምልክት» ከማለት «መለያ» ማለቱን እንመርጣለን። የመጀመሪያው የመለያ ሥርዐት፣ አይዲ-3፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ በ128 ባይት የተወሰነ ነበር፤ ለአርእስት የተመደበው 30 ባይት ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «የመርሐቤቴ ዘፈን ከዓለም ከተማ» የሚል አርእስት በዚያ ጠባብ ቦታ ቢጻፍ «የመርሐቤቴ ዘፈን» ብሎ 28 ባይት ይጨርስና፣ ከክፍት ቦታው በኋላ «ከ» በሲሶው ይቆረጣል። በኋላ የወጣው ሁለተኛው ሥርዐት ይህን ጥበት አስወግዷል።

ከሁሉ የከፋው «አርቲስት» ነው። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ እየተባለ ለየብቻ ይታተም ነበር። ሁለተኛው የአይዲ-3 ሥርዐት ለዜማ ደራሲና ለገጣሚ የተለየ ቦታ ሲሰጥ፣ እኛ ተዋናዩንም ሠዓሊውንም ዘፋኙንም በአንድ «አርቲስት» እንጠቀልላለን። «ድምፃዊ» የሚል ቃል እያለን! በመንዝ ሠርግ ላይ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ የሚያወርደው ሰው ግን ገጣሚም ድምፃዊም ነውና ስሙ በሁለቱም ቦታ ሊገባ ይገባል፤ ዘፈን ጫኙ «ያልታወቀ» ብሎ ካለፈው ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ትዝታም እንዲሁ ያስቸግራል። የዘፈን አርእስትም የቅኝት ስምም ስለሆነ፣ በጥንቱ 80 የሙዚቃ ዐይነቶች ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ቅኝትን «ዘውግ» በሚለው ሥር መክተት ለጊዜው የሚያግባባ እንጂ ትክክል አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ማጫወቻው የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ኮድን ስለሆነ «ዓለማየሁ እሸቴ» እና «አለማየሁ እሸቴ» ለእርሱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዘፈኖቹንም ከፍሎ በሁለት ስም ይደረድራቸዋል። ሞክሼ ፊደላትን እንቀንስ ወይስ እንጠብቅ የሚለው የቆየ ክርክራችን እስኪቋጭ ድረስ፣ የድምፃውያን ስም በራሳቸው የካሴት ሽፋን ላይ እንደ ታተመው እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን።