ስለ «ሰነድ» እና ስለ «መዝገብ»፤ በሶፍትዌር ግዥ መግለጫዎች አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ድርጅቶች የጽሕፈት ሥራቸውን በኮምፒዩተር ለማስተዳደር ሶፍትዌር ሲመርጡ የሚያወጡት የፍላጎት መግለጫ ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ነው። በእነዚህ መግለጫዎች ውስጥ «ዶክዩመንት»ም «ሪከርድ»ም «ሰነድ» እየተባሉ ሲተረጐሙ ይታያል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሐረግ ሲገጥሙት ደግሞ ተርጓሚው «የሰነዶችና የመዛግብት አስተዳደር» ብሎ ያልፋል። ሐረጉ ለጆሮ ይጥማል፤ ገዢው የትኛውን ሶፍትዌር እንደጠየቀ ግን ከሐረጉ ሊታወቅ አይችልም።

ጉዳዩ የቃላት ሙግት ብቻ አይደለም። የዶክዩመንት ማስተዳደሪያ የሚባለው ሶፍትዌር ሠራተኞች አንድን ጽሑፍ በጋራ እንዲያዘጋጁ፣ እንዲያርሙና የቀድሞውን ቅጂ ከአዲሱ እንዲለዩ ያስችላል። የሪከርድ ማስተዳደሪያው ተግባር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የተፈጸመ ጉዳይ ማስረጃ ከእንግዲህ እንዳይለወጥ ይቆልፋል፣ የማቆያ ዘመኑን ይቆጥራል፣ ዘመኑ ሲያልቅም ያለ ፈቃድ እንዳይወገድ ይጠብቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው አይ.ኤስ.ኦ. 15489 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ሪከርድን የሚበይነው በማስረጃነቱና በንብረትነቱ ነው። አልፍሬስኮን በመሰለ ሶፍትዌር የሪከርዱ ክፍል በዶክዩመንቱ ላይ የሚታከል ራሱን የቻለ ሞጁል ነው። እንግዲህ «ሰነድ» ብሎ ብቻ የጠየቀ ገዢ የመጀመሪያውን ተረክቦ ሁለተኛውን ሳያገኝ ቢቀር ሻጩን ሊወቅስ አይችልም፤ የተፈረመው ውሉም የማረም ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሊነካካው በሚችልበት ቋት ውስጥ ይቀመጣል።

የተለመደው መድኃኒት ዶክዩመንትን «ሰነድ»፣ ሪከርድን «መዝገብ» ማለት ነው። ይህም አያስኬድም። «ሰነድ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በምንጩ መደገፊያ ማለት ነው፤ አማርኛም የተቀበለው ከነክብደቱ ነው። የዕዳ ሰነድ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ የሰነድ ማስረጃ እንላለን፤ ገና በመረቀቅ ላይ ያለን ማስታወሻ ግን ሰነድ ብሎ መጥራት ለጆሮ ይከብዳል። ስለዚህ የእኛ «ሰነድ» የሚሸከመው የእንግሊዝኛውን «ሪከርድ» ሸክም ነው። «መዝገብ» በበኩሉ በግእዝ የሀብት ማከማቻ ነው፤ ዛሬም የገቢና የወጪ ደብዳቤ በተራ የሚጻፍበትን ጥራዝ፣ በፍርድ ቤትም አንድን ሙሉ ጉዳይ ያመለክታል። ዳኛ «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲል አንድ ነጠላ ወረቀት ማለቱ አይደለም። መዝገብ የብዙ ነገር መያዣ ነው፤ መዝገበ ቃላትም ሳይቀር። ነጠላውን ማስረጃ መዝገብ ካልነው ማስረጃው የሚመዘገብበትን ምን ልንለው ነው?

«ሪከርድ» በላቲን ምንጩ ማስታወስን ስለሚያመለክት ለትርጉሙ የሚቀርበው «መዝክር» ወይም «መዘክር» ነበር፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። ነገር ግን ቤተ መዘክር ዛሬ ለሙዚየም ስለተሰጠ ቃሉን ማስመለስ ከንቱ ድካም ይሆናል።

በመሥሪያ ቤቶች «የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ» የሚል የሥራ መደብ አለ። የሐረጉ ሁለተኛ ክፍል እጅግ የተዋጣ ነው፤ ማኅደር ቀድሞ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ነበር፣ ዛሬ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ጉዳይ ወረቀቶች የሚያድሩበት ነው። ያልተፈታው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በእኔ አስተያየት ሪከርድ «ሰነድ»፣ ዶክዩመንት «የሥራ ጽሑፍ»፣ ጥራዙ «መዝገብ» ሊባል ይገባዋል። ዶክዩመንት ሪከርድ የሚሆንበትን ቅጽበትም «መሰነድ» እንበለው፤ ግሡ በጽሑፍ መግባት ከጀመረ ቆይቷል። «የሥራ ጽሑፉ ከተሰነደ በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም» የሚል መግለጫ ሻጩም ገዢውም በአንድ ዓይነት ይረዱታል።

የእንግሊዝኛውን «ዲስፖዚሽን» ያለ ማመንታት «ማስወገድ» የሚሉ ተርጓሚዎችም ሊታረሙ ይገባል። ቃሉ ዘላቂ ዋጋ ያለውን ሰነድ ወደ ቤተ መዛግብት ማስተላለፍንም ይጨምራል፤ በ«ማስወገድ» የተጻፈ ትእዛዝ ግን ሁሉንም ለእሳት ይዳርጋል። «የመጨረሻ ዕልባት» ቢባል ሁለቱንም ይይዛል።

«የሥራ ጽሑፍ» ለተቀዳ ድምፅና ለፎቶግራፍ እንደማይስማማ አልክድም። ለእነዚህ በኮምፒዩተር ቋንቋ ነጠላ ነገርን የሚያመለክተውን «ፋይል» መተው ይቻላል፤ ፋይልን ከማኅደር ጋር አለማደባለቅ ግን የተርጓሚው ግዴታ ነው።