አንዲት ሣልሲት

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲትን ደግሞ በ60 ራብዒት ከፍለው፣ ከዚያም ወደ ኃምሲትና ወደ ሳድሲት እየወረዱ፣ ዓይን የማያየውን ጆሮም የማይሰማውን የጊዜ ቅንጣት በስም እየጠሩ ሲያስተምሩ፣ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ተቀምጬ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ክፍፍል በዓላትንና አጽዋማትን ከማውጣት በቀር ለምድራዊ ሰው ምን ይረባዋል ብዬ ነበር የማስበው። ኋላ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ወልቂጤ ተመድቤ፣ የሩጫ ሰዓት በእጄ ላይ ባረፈ ጊዜ፣ የጥያቄዬን መልስ በገዛ አውራ ጣቴ አገኘሁት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ከሰከንድ ዐሥር እጅ አራቱ ነው። ጣቱን ያላሠለጠነ ሰው የሰዓቱን ቁልፍ ሁለቴ በመጫን መካከል የሚያጠፋት ጊዜ አንዲት ሣልሲት ያህል ናት።

ሰዓት ያዥነት ከሩቅ ለሚያየው ቁልፍ ተጭኖ ቁልፍ መልቀቅ ይመስለዋል። ሙያው የሚጀምረው ግን ከጆሮና ከዓይን የትኛውን እንደሚያምኑ ከመምረጥ ነው። የመነሻው ጥይት ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በመቶ ሜትር ውድድር መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ሰምቶ ሰዓቱን ቢያስነሣ፣ ለሯጩ ከሰከንድ ዐሥር እጅ ሦስቱን ያልደከመበትን ጸጋ ይመርቅለታል፤ ስለዚህም ሕጉ ጢሱን ወይም ብልጭታውን አይቶ እንዲያስነሣ ያዝዛል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ሽጉጥ ስላልነበረ፣ አስነሺው ፊሽካውን ሲነፋ ከፍ አድርጎ የያዘውን ቀይ ጨርቅ አብሮ ወደ ምድር እንዲጥል እናደርግ ነበር፤ ጨርቁን ብቻ እያየሁ ፊሽካውን እንዳልሰማ ሆኜ መቆምን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻው መስመር ላይ የሚቆጠረው ደግሞ እግርም እጅም ራስም አይደለም፤ ደረት ነው። ሦስት ሰዓት ያዦች ቆመው ሁለቱ ቢስማሙ የሁለቱ፣ ሦስቱም ቢለያዩ የመካከለኛው ይጸድቃል፤ በእጅ የተያዘው ሰዓት 10.11 ቢያሳይ ወደሚቀጥለው ዐሥረኛ ከፍ ብሎ 10.2 ተብሎ ይጻፋል። የሰው እጅ ለሯጩ ማድላቱ አስቀድሞ ስለሚጠረጠር፣ የጥርጣሬው ዕዳ በሯጩ ሒሳብ ላይ ይጨመራል ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች የሰውን ባሕርይ በሚገባ የመረመሩ ይመስሉኛል።

ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ሆነው፣ የጉራጌን ተራሮች ከምዕራብና ከምሥራቅ የተደገፉ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ እኔም የመምህርነት ዕድሜዬን ለሁለቱ አካፍያለሁ። ልጆቻችን በወልቂጤ በኩል ከእዣና ከጉመር ደጋ፣ በቡታጅራ በኩል ከመስቃንና ከሶዶ ይመጡ ነበር። የአገራችን ሰው ጉራጌን በንግድ ትጋቱ፣ በእንሰቱና በመስቀል በዓሉ እንጂ በሩጫ አያነሣውም ነበርና፣ በቆጂን እንደ ሯጮች አገር የሚያውቁ ባልደረቦቼ በየጠዋቱ ሜዳ መውረዴን ሲያዩ ዝም ብለው ይታገሡኝ ነበር። ሜዳችን 400 ሜትር የሆነ መም አልነበረውም፤ በገመድ ለክተን በኖራ አስምረን 300 ሜትር ያገኘንለት ዙር ነበርና፣ 3,000 ሜትር ለመሮጥ ዐሥር ጊዜ መዞር ያሻ ነበር።

ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ ከደጋ የመጣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ አንድ ልጅ፣ በዚያ ሜዳ 3,000 ሜትር ሮጦ አራተኛ ወጣ። ሰዓት ያዡ እኔ ነበርኩ። የፈጸመበትን ሰዓት 9 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ምንም አልጻፍኩም። ከጥቂት ቀን በኋላ ለሥልጠና ልጆች የሚመርጥ አንድ ሰው መጥቶ፣ አራተኛው ልጅ እንዴት ሮጠ፣ ከመሪዎቹ ጋር እስከ የት ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደከመ ወይስ ጨመረ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ከ9:41 በቀር የምነግረው አልነበረኝም። ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጽፎ ሄደ፤ ልጁም በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ መርካቶ ከአጎቱ ሱቅ ገባ። የዚያ ልጅ ሕይወት በእኔ እርሳስ ምክንያት ሌላ መልክ ያዘ ብዬ አልደፍርም፤ ሆኖም ከዓመታት በኋላ ለመስቀል ሲመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ ከተሳለመኝ በኋላ ያነሣው ነገር ይህ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ስንት ነበር የገባሁት?»

«9 ከ41።»

«እሱንማ አልረሳሁትም። ከስንተኛው ዙር ላይ ነው የቀረሁት? ሰባተኛው ላይ እኮ አብሬያቸው ነበርኩ።»

ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ ገለጥኩለት፤ መልስ ግን አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ሩጫ፣ የአንደኛውንም ሆነ የመጨረሻውን፣ በየዙሩ ሳልጽፍ አልቀረሁም፤ ስለዚህ ሙያ የማምነው ነገር ካለም ከዚያች ከሰዓት በኋላ ያገኘሁት ነው። የመጨረሻው ቁጥር የሩጫው ደጃፍ እንጂ ቤቱ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ የሆነውን ሰዓት ያዥ ካልጻፈው ማንም አይጽፈውም።

በ2013 ዓ.ም. በአንድ የጉራጌ ልጅ እግር የተሠራው ሥራ ይህንን እምነቴን እንደ ምስክር አጽንቶልኛል። ሰለሞን ባረጋ በጉራጌ ዞን የተወለደ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በነሐሴ 2010 ብራስልስ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:43.02 ሮጦ ከ20 ዓመት በታች የሆኑትን ሁሉ የቀደመ ልጅ ነው። በ2013 ሰኔ 1 ቀን፣ በኔዘርላንድስ ሄንግሎ ከተማ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ቡድን በተመረጠበት የ10,000 ሜትር ውድድር፣ ዮሚፍ ቀጀልቻንና በሪሁ አረጋዊን አስከትሎ በ26:49.51 አንደኛ ወጣ። ሐምሌ 23 ቀን ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውጭው ክረምት ሆኖ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ፊት፣ በአንድ እጄ ሰዓት በሌላው እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያም ዕለት ተመልካች በሌለበት በቶኪዮ ስታዲየም፣ በከባድ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ፣ ሰለሞን የዓለም ክብረ ወሰን የእጁ የነበረውን ዩጋንዳዊ ጆሹዋ ቼፕቴጌንና የቼፕቴጌን ያገር ልጅ ጃኮብ ኪፕሊሞን ቀድሞ በ27:43.22 ወርቁን አገኘ፤ በቶኪዮ የአትሌቲክስ ሜዳ ከተሰጡት ወርቆች የመጀመሪያው፣ ለኢትዮጵያም በዚያ ኦሊምፒክ ብቸኛው ነበር። ላሜቻ ግርማ ብር፣ ጉዳፍ ፀጋይና ለተሰንበት ግደይ ነሐስ ጨምረውልን በአራት ሜዳልያ ተመለስን።

እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ያው ሰው፣ ያው ርቀት፣ በሁለት ወር እንኳ ባልሞላ ልዩነት፤ ወርቁን ያገኘበት ሩጫ ቡድን ውስጥ ከገባበት ሩጫ በ53 ሰከንድ ከ71 መቶኛ የዘገየ ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ሰለሞን ሐምሌ ላይ ደክሞ ነበር ይላል። የእኔ ደብተር ግን ሌላ ነገር ይዟል። መጀመሪያ ላይ ዩጋንዳዊው ስቴፈን ኪሳ ብቻውን ተፈትልኮ ሄደ፤ የቀሩት ወጥመዱን አይተው አልተከተሉትም፤ እርሱም ሩጫውን ሳይፈጽም ወጣ። ከዚያ በኋላ ሜዳው እንደሚተነፍስ ነገር ሆነ፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዱ ይወጣና ሌላው ይመልሰዋል። ሃያ አራቱ ዙር በአማካይ 67 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያለው ሃያ አምስተኛው ዙር 54 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ያ ሁሉ ዝግታ ድካም አልነበረም፤ ለአንዲት ዙር የተቆጠበ ኃይል ነበር። ቼፕቴጌ የፈጸመው 41 መቶኛ ዘግይቶ ነው፤ ይህም በሊቃውንቱ ቋንቋ አንዲት ሣልሲት ማለት ነው። ያን ማታ ይህን ቁጥር ወደ ባሕረ ሐሳብ መልሼ ሳሰላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላም አለ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ፣ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር እየተቀባበለ ሮጦ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ያገኘው በ27:42.69 ነበር። ከ41 ዓመት በኋላ የመጣው ሰለሞን ከምሩጽ በሰከንድ እኩሌታ ገደማ ዘገየ ማለት ነው። ጫማው ተሻሽሏል፣ መሙ ተሻሽሏል፣ ምግቡና ልምምዱ በሳይንስ ተመርምሯል፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ቆሟል። ይህ የሚያሳዝነው ሰው ቢኖር የሩጫን ምሥጢር ገና አልተረዳም እላለሁ። ሁለቱም የሮጡት ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው፤ ሁለቱም የመጨረሻዋን ዙር ጠብቀው ነው የሄዱት። በተቃራኒው በ2016 ሐምሌ 26 ቀን ፓሪስ ላይ ሰለሞን በ26:44.48 ሮጧል፤ ይህ ከቶኪዮው ወርቅ በ58 ሰከንድ ከ74 መቶኛ የፈጠነ፣ በመም ላይ ቢለካ አንድ ዙር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ ነው። የወጣው ግን ሰባተኛ ነው! ቼፕቴጌ በ26:43.14 ሲያሸንፍ በሪሁ አረጋዊ ሁለተኛ ሆነ፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰከንድ ከ34 መቶኛ ውስጥ ገብተው ነበር።

ውጤትን በመጻፍ ነገር የሜዳ ቴኒስ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ልማድ እንዳላቸው ሁልጊዜ አስባለሁ። በከተሞቻችን መንገድ ዳር ወጣቶች ተሰልፈው የሚጫወቱት የጠረጴዛውን ነው፤ የሜዳውን የማውቀው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ነው፤ ግን ውጤቱ የሚጻፍበት መንገድ ያስቀናኛል። በዚያው በ2013 ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪች የሜልበርንን፣ የፓሪስንና የዊምብልደንን ዋንጫ በተከታታይ ወስዶ፣ ከ1961 ዓ.ም. የሮድ ሌቨር ድል ወዲህ ማንም ወንድ ያላገኘውን አራቱን በአንድ ዓመት የመጠቅለል ክብር ሊጨብጥ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው፣ መስከረም 2 ቀን 2014 ኒው ዮርክ ላይ በዳኒል ሜድቬዴቭ 6-4፣ 6-4፣ 6-4 ተሸነፈ። የፓሪሱ ፍጻሜ ግን 6-7፣ 2-6፣ 6-3፣ 6-2፣ 6-4 ተብሎ ተጽፏል። ያን ጨዋታ በዓይኑ ያላየ፣ የስቴፋኖስ ሲሲፓስን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከዚህች አንዲት መስመር፣ ጆኮቪች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጨዋታዎች አጥቶ፣ ከገደል አፋፍ ተመልሶ፣ ሦስቱን ተከታትሎ እንደወሰደ ያነባል። የኒው ዮርኩንም ሲያነብ፣ ሦስቱም እኩል ሆነው በየክፍሉ ተስፋ ያልታየበት ሽንፈት መሆኑን ያያል። እኛ ግን 27:43.22 ብለን ጽፈን ደብተሩን እንዘጋለን።

ያ ልጅ ጥያቄውን ይዞልኝ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1993 መስከረም 15 ቀን፣ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የሣልሲት ሩብ እንኳ በማይሞላ በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም፣ የዙሮቹን ሰዓት አልጻፍኩም ነበር፤ እንደ ሌላው ሰው ብድግ ብዬ ጮኽኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከቶኪዮ በኋላ፣ በ2014 መስቀል፣ ያ የመርካቶ ነጋዴ እንደ ልማዱ አገሩ ገብቶ ነበርና ቤቴ ጠራሁት። ጠጉሩ ከጎን ከጎን ሸብቷል። ክትፎው እስኪቀርብ ደብተሩን በጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሃያ አምስት መስመር፣ በእያንዳንዱም ፊት የዙሩ ሰዓት። በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከላይ ወደ ታች ያነብ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያም ቀጠለ። ሃያ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሣና ቀና ብሎ አየኝ።

«እዚህ ጋ ነው አይደል የሄደው፣ ጋሼ?»

«ደወሉ ላይ ነው።»

ባለቤቴ ውኃ ይዛ እጃችንን ልታስታጥብ ቆማ ነበር። እርሱ ግን ጣቱን እንደገና ወደ መጀመሪያው መስመር መለሰ።