መዶሻው ሰም፣ ታሪኩ ወርቅ፦ የስኖሪ ስቱርሉሶን «ኤዳ» ሲፈተሽ

ጀርሚስተን ውስጥ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ፣ ከጆሃንስበርግ ጄፔ ጎዳና በጅምላ ከማመጣቸው የአንገት ሐብሎች መካከል የመዶሻ ቅርጽ የተንጠለጠለበት አለ። አንድ ወጣት ደንበኛ አገላብጦ አይቶት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ «የቫይኪንጎች ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረኝም። የምሸጠውን ዕቃ ትርጉም አለማወቄ ከነከነኝ። ወደ «ኤዳ» የመራኝ ያ ጥያቄ ነው።

«ኤዳ»ን እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ የጻፈው ስኖሪ ስቱርሉሶን የአይስላንድ ባላባት፣ ሕግ ዐዋቂና ባለቅኔ ነበር። እኔ ያነበብኩት አንቶኒ ፎክስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ነው። መጽሐፉ አራት ክፍል አለው፦ መቅድም፣ የቫይኪንጎች አማልክት ታሪክ፣ የባለቅኔዎች ቋንቋ፣ በመጨረሻም ስኖሪ ራሱ የደረሰው የግጥም ዓይነቶች ማሳያ። ብዙ ሰው የተረት መጽሐፍ አድርጎ ያነበዋል፤ በእኔ ንባብ ግን የቅኔ ቤት መማሪያ ነው። ስኖሪን ያሳሰበው ወጣት ገጣሚዎች የቀደምቶቻቸውን ግጥም መፍታት እያቃታቸው መምጣቱ ነበር። በዋሸራ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ታሪኩን ካላወቀ ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚስት፣ የአይስላንዱም ወጣት የአማልክቱ ታሪክ ከጠፋበት የግጥሙ ምሥጢር ይዘጋበታል። ስኖሪ ቁልፉን ሊያቀብለው ተነሣ።

የቁልፉን ጉልበት ለማየት አንድ ታሪክ ይበቃል። ኦዲን፣ ሎኪና ሆኒር የተባሉት አማልክት በመንገዳቸው አንድ የወንዝ አውሬ ገድለው ቆዳውን ይገፉታል። ለካስ አውሬው በአውሬ አምሳል ዓሣ ያጠምድ የነበረ ኦተር የሚባል ሰው ኖሯል። አባቱ የደም ካሳ ይጠይቃል፦ ቆዳው በወርቅ ይሞላ፣ ከላይም በወርቅ ይሸፈን። ሎኪ ወርቁን ከአንድ ድንክ ነጥቆ ያመጣል፤ ድንኩም የመጨረሻዋን ቀለበት ሲቀማ የያዛትን ሁሉ ታጥፋ ብሎ ይረግማል። ቆዳው ተሞላ፣ ተሸፈነም። አባትየው ቀርቦ ሲመረምር ግን አንዲት የጢም ጸጉር ብቅ ብላ አየ፤ እሷም ካልተሸፈነች ዕርቅ የለም አለ። ኦዲን ለራሱ ያስቀራትን ቀለበት አውጥቶ ጸጉሯን ሸፈነባት። ርግማኑ ከወርቁ ጋር ተሻገረ፤ አባትየውን የገዛ ልጆቹ ለዚያው ወርቅ ሲሉ ገደሉት። ባለቅኔዎች ወርቅን «የኦተር ካሳ» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ጀርሚስተን እ.ኤ.አ. በ1886 በዊትዋተርስራንድ የተገኘው ወርቅ የወለዳት ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው የራንድ ሪፋይነሪ ዛሬም ወርቅ ያነጥርባታል። ከጉድጓድ ወጥቶ የተከመረው ቢጫ አፈር እንደ ተራራ ቆሞ ይታያል። ከዚያ አፈር ሥር ስንት ሰው እንደ ወረደ ለሚያስብ አንባቢ፣ «የኦተር ካሳ» የሩቅ አገር ተረት ሆኖ አይቀርም።

ወደ መዶሻው ልመለስ። ሚዮልኒር ይባላል፤ ቶር የተባለው አምላክ መሣሪያ ነው፤ ድንኮቹ ሲቀጠቅጡት ሎኪ ዝንብ ሆኖ አንዱን ሽፋሽፍቱ ላይ ስለነደፈው እጀታው አጥሮ ቀረ። ስኖሪ ግን መዶሻውን በግዳይ ብቻ አያሳየንም። ቶር አንድ ምሽት ሠረገላውን የሚስቡ ፍየሎቹን አርዶ ገበሬ ቤት ራት ይበላል፤ አጥንቱን በየቆዳው ላይ እንዲጥሉ ያዛል። ሲነጋ መዶሻውን አንሥቶ ይባርካል፤ ፍየሎቹ ተነሥተው ይቆማሉ። አንዱ ግን ያነክሳል፤ የገበሬው ልጅ ለቅልጥሙ ብሎ የጭኑን አጥንት ሰብሮት ነበርና። ባልደር የተባለው አምላክ አስከሬን ሲቃጠልም እሳቱ የተባረከው በዚሁ መዶሻ ነው። እንግዲህ በአንገት የሚታሰረው መዶሻ ጠብ የሚፈልግ ሰው ምልክት ብቻ አልነበረም፤ በረከትና ጥበቃም ነበር። በኮፐንሃገን ብሔራዊ ሙዚየም ያለ፣ ትሬንድጎርደን ከሚባል ስፍራ የተገኘ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ ይህን ያጠናክራል። አንጥረኛው በአንዱ ድንጋይ ላይ የመስቀልም የመዶሻም ቅርጽ ፈልፍሎበታል። ሃይማኖት በሚለወጥበት ዘመን ሁለቱም ፈላጊ ነበራቸው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ስኖሪ ክርስቲያን ነው፤ የጻፈውም አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በመቅድሙ አማልክቱን ከትሮይ የፈለሱ ሰዎች ያደርጋቸዋል። የተበታተነውን ተረት ሰፍቶ አንድ ወጥ ልብስ ሲያደርገው ስፌቱን ደብቆብናል። ሰዎች እነዚህን አማልክት በየቤታቸው እንዴት ያመልኩ እንደነበርም እምብዛም አይነግረንም። አማኝ የጻፈው ምስክርነት አድርጎ የሚያነበው ይሳሳታል።

ሆኖም የሌለበት ነገርም ያስተምራል። ዛሬ «የቫይኪንግ ኮምፓስ» ተብሎ በየንቅሳቱ የሚታየው ቬግቪሲር በ«ኤዳ» ውስጥ የለም፤ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1860 አይስላንድ ውስጥ በተጻፈ የአስማት መጽሐፍ ነው። «ቫልክኑት» የተባሉት ሦስት የተጠላለፉ ማዕዘኖች በጎትላንድ ድንጋዮች ላይ ተቀርጸዋል፤ ስማቸው ግን የዘመናችን ነው።

ታሪኩን ያጣ ምልክት ባለቤት አልባ ቤት ነው፤ የደረሰ ሁሉ ይገባበታል። «ፀሐይ» ትባል የነበረችውን፣ ሩን ከሚባለው የቫይኪንጎች ጽሕፈት አንዷን ፊደል፣ ጊዶ ፎን ሊስት የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1908 «ድል» ብሎ ሰየማት፤ ኋላ የናዚው ኤስኤስ ሁለት አድርጎ አንገትጌው ላይ ሰፋት። እዚህ አገርም የናዚን መስቀል የሚያስታውሱ ሦስት ሰባቶችን ዓርማ ያደረገ የነጭ አክራሪዎች ንቅናቄ ነበር። ሰባቶቹ የቫይኪንጎች አይደሉም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር የተወሰዱ ነው የሚሏቸው። የዚህ ንቅናቄ ሰዎች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994፣ ሁሉም ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሊሰጥ ሲል፣ ጀርሚስተን የታክሲ ተራ አጠገብ ባፈነዱት ቦምብ 10 ያህል ሰዎች ሞቱ። የዚህች ከተማ ሰው «ምልክት ጌጥ ብቻ ነው» ሲባል ቢጠራጠር እውነት አለው።

ስለዚህ «ኤዳ» ይነበብ እላለሁ፤ መቅድሙን በጥንቃቄ፣ የባለቅኔዎቹን ክፍል በዝግታ። ወደ አማርኛም ቢመለስ እወዳለሁ፤ ይህን ሥራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የቅኔ ሊቅ ቢይዘው ይዋጣለታል። ለእኔ መጽሐፉ የሰጠኝ ትንሽ ነገር ነው፤ ያ ወጣት ተመልሶ ቢመጣ ስለ ጀግንነት ከመስበክ ይልቅ፣ ስለ ተነሡት ፍየሎችና ስለሚያነክሰው አንዱ እነግረዋለሁ።