ማዘዣ የማይጠየቅ እንግዳ

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) አንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት አጠራጣሪ ድምፅ ሰምተው ግድግዳ ተሻግረው ገቡ፤ ባለቤቱንም ከነመጠጡ አገኙት። ሰውየው ግን አልደነገጠም። እርሱ በአንድ ነገር አላህን ቢያምጽ እርሳቸው በሦስት ማጥፋታቸውን ነገራቸው፤ ሰልለዋል፣ ቤቱን በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ዘልቀዋል። ለሦስቱም ከቁርኣን ማስረጃ ነበረው (አል-ሑጁራት 12፣ አል-በቀራህ 189፣ አን-ኑር 27)። ዑመርም (ረ.ዐ.) ትተውት ወጡ። ታሪኩን ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሚዲን» ውስጥ ጠቅሰውታል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ በ1791 ሲጸድቅ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእነዚህ ሦስት ጥፋቶች ሁለቱን በሚገባ ዘግቷል። ፖሊስ ቤት ለመበርበር በቂ ምክንያቱን ለዳኛ አስረድቶ፣ የሚበረበረውን ስፍራና የሚያዘውን ነገር ለይቶ የሚጠቅስ ማዘዣ መያዝ አለበት። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃም ከ1914 ጀምሮ በፌዴራል፣ ከ1961 ጀምሮ ደግሞ በክፍላተ ሀገሩ ፍርድ ቤቶች ጭምር እንዳይቀርብ ተወስኗል። ጥፋት የተገኘበት ሰው አገኛኙ ስላልተገባ ይተዋል ማለት ነው። የመዲናው ሌሊት ትዝ የሚለው አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በስልክና በኤሌክትሮኒክስ ጊዜ ችግር መጣ። በ1928 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስልክ ሽቦን ከቤት ውጭ ሆኖ መጥለፍ ብርበራ አይደለም፣ የተረገጠ ደጃፍ የለምና ብሎ ፈረደ። ይህን አቋም ለመሻር 39 ዓመት ፈጅቷል። በ1967 በካትዝ ጉዳይ፣ ኤፍ ቢ አይ በአንድ የሕዝብ ስልክ ክፍል ላይ ከውጭ የለጠፈው ማዳመጫ ያለማዘዣ መቀመጥ እንደማይችል ተወሰነ። በ2018 ደግሞ በካርፔንተር ጉዳይ የአንድን ሰው የሞባይል ስልክ የዋለበትንና ያደረበትን የሚያሳይ መዝገብ ከስልክ ድርጅቱ ለመውሰድ በመርሕ ደረጃ ማዘዣ ያስፈልጋል ተባለ። እነዚህ የሚያስመሰግኑ ፍርዶች ናቸው፤ ነቀፌታችን ወደ እነርሱ አይደለም።

ነቀፌታችን የሚያርፈው በእንግዳው ላይ ነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1966 በሆፋ ጉዳይ፣ አንድ ሰው አምኖ ያስጠጋው ወዳጅ የመንግሥት ሰላይ ሆኖ ቢገኝ አራተኛው ማሻሻያ አያድነውም፣ ሰውን ያመነ የእምነቱን ዕዳ ራሱ ይሸከማል የሚል መርሕ አጸና። በ1971 በዋይት ጉዳይ ደግሞ ሰላዩ በልብሱ ውስጥ የድምፅ ማስተላለፊያ ቢደብቅም ለውጥ የለውም ተባለ። እንግዲህ ሽቦ የሚጠልፈው መርማሪ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ጆሮ ጠቢው ግን በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ይመጣል። ከሦስቱ የመዲና ጥፋቶች የመጀመሪያው፣ ተጀሱስ የሚባለው፣ ክፍት እንደቀረ ነው።

ይህ መርሕ መስጊድ ሲገባ ምን እንደሚመስል በካሊፎርኒያ ታይቷል። በ2006 ክሬግ ሞንቴይ የተባለ ሰው በኧርቫይን እስላማዊ ማዕከል በሕዝብ ፊት ሸሃዳ ያዘ፤ ፋሩቅ አል-ዐዚዝ ተባለ፤ ሶላት አብሮ ሰገደ፤ ቤታቸው ተጋበዘ። በኋላ ራሱ ይፋ እንዳወጣው ደመወዝ የሚከፍለው ኤፍ ቢ አይ ነበር፤ በቁልፍ መያዣው ውስጥ መቅረጫ ነበረበት። ስለ ዓመፅ ማውራት ሲያበዛ ጀመዓው ፈራውና ከሰሰው። ያመለከተውም ለራሱ ለኤፍ ቢ አይ ነው! በ2007 ሰውየው ወደ ማዕከሉ እንዳይደርስ የፍርድ ቤት እገዳ አወጡበት።

ኤርትራ የተወለዱት ኢማም ያሲር ፈዛጋና ሁለት ሌሎች ሙስሊሞች በ2011 ክስ መሠረቱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2019 የሰጠው ውሳኔ የመርሑን ስንጥቅ በግልጽ ያሳያል። ሞንቴይ ራሱ በተገኘበት ለቀዳው ወሬ አራተኛው ማሻሻያ ከለላ አልሆነም፤ ዕቃውን የረሳ መስሎ በመስገጃው አዳራሽ ትቶት ከወጣ በኋላ የተቀዳው ግን ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ያስነሳል ተባለ። ማለትም የተረሳ ቁልፍ ከውሸተኛ ወንድም ይልቅ ያሳስባል! ለሰጋጁ ግን የቱ ይብሳል? ቁልፉ ሰላምታ አላቀረበለትም፣ ምሳ አብሮት አልበላም።

መንግሥት የሚያቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሰው ሊፈጅ የሚያሴር ቡድን በሩን ከፍቶ አይጠብቅም፤ ሰርጎ የሚገባ ሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ሽቦ መጥለፍም ሕይወት ያድናል፤ ሆኖም ማዘዣ ይጠየቅበታል። አንድ ባለሥልጣን በመስጊድ ላይ ሰላይ ከማሰማራቱ በፊት ማንን፣ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ ለዳኛ ቢያስረዳ የሚጎድልበት ምንድን ነው? በ2008 የወጣው የፍትሕ ሚኒስቴሩ መመሪያ ግን የተለየ ፍንጭ ሳይኖር ጭምር በመነሻ ማጣራት ስም ጆሮ ጠቢ እንዲላክ ፈቅዷል። ፍንጭ ሳይዙ መፈለግ ምን እንደሚያፈራም ከኒው ዮርክ ታውቋል። የከተማው ፖሊስ ሙስሊሞችን በየሱቃቸውና በየሻይ ቤታቸው ያስመዘገበበት ክፍል አንድም የሽብር ምርመራ እንዳላስገኘ አንድ ከፍተኛ መኮንኑ በ2012 በመሐላ ቃሉን ሰጥቷል፤ ክፍሉም በ2014 ተዘግቷል።

የፈዛጋ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ መጋቢት 4 ቀን 2022 ሲወሰን፣ ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ የስለላ ሕጉ መንግሥት «የመንግሥት ምሥጢር ነው» ብሎ ማስረጃ የመከልከል መብቱን አላስቀረም ብለው ጉዳዩን ወደ ታች መለሱት። ስለላው ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን አልነኩትም። ከሳሾቹ ግን ጉዳታቸውን በማመልከቻቸው አስቀድመው ዘርዝረዋል። አንዱ ጢሙን አሳጥሯል፣ ቆብ ማድረግም ትቷል። ምክር ፈልገው የሚመጡ ባልና ሚስቶችን፣ ወጣቶችን የሚያነጋግሩት ኢማም ፈዛጋም ሰው ያዳምጠናል ብለው በመስጊዱ ውስጥ ማማከራቸውን አቁመዋል።