«ሂስ የለንም» ከማለታችን በፊት

የዲግሪ ማሟያ ጽሑፎችን ስመረምር በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ክፍል ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በአማርኛ ግጥም ላይ የተጻፈ ሂስ የለም ለማለት ይቻላል» የሚል። ተማሪው ይህን ለማለት ምን አገላብጦ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ያየው ካታሎጉን ብቻ ሆኖ ይገኛል። በሌላው ላይ ከመፍረዴ በፊት ግን የራሴንም ልናዘዝ። እኔም በማስተርስ ጽሑፌ ይህንኑ ብያለሁ፤ ፈታኞቼም አልፈውልኛል።

ካታሎግ በዋናነት የሚመዘግበው መጽሐፍን ነው። ግጥማችንም ሆነ ሂሳችን ግን መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት፣ አንዳንዴም ጨርሶ መጽሐፍ ሳይሆን፣ በአዲስ ዘመን፣ በመነን፣ በየካቲት ገጾች ላይ ኖሯል። በጥራዝ መካከል ያለ መጣጥፍ እንደ መጽሐፍ የራሱን ካርድ አያገኝም። ርእሱም «ሂስ» ላይል ይችላል፤ «አስተያየት» ወይም «ትችት» ተብሎ፣ ሲብስም በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

ጉዳቱ ከቁጥር ማነስ ያልፋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንውሰድ። ገጣሚው በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የታተሙት ግን በ1998 ዓ.ም. ነው። የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» የወጣው በ1963 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በካርዱ የኅትመት ዘመን የተመራ አንድ ተማሪዬ ገብረ ክርስቶስን የሰሎሞን ተከታይ አድርጎ አቀረበው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ካርዱን አምኖ ነው። ሰሎሞን ራሱ ግን «ልጅነት» ከመታተሙ ከሦስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። እንግዲህ የለም የተባለው ሂስ አለ። ችግሩ በእንግሊዝኛ መጻፉና በመጽሔት ጥራዝ ውስጥ መገኘቱ ነው። ተማሪው ይህን አንድ ጽሑፍ ቢያገኝ ኖሮ የጥናቱ ምዕራፍ በሙሉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

የካርዱን ሣጥን ኮምፒዩተር መተካቱ ፍለጋውን አፍጥኖታል፤ አላቀናውም። በ«ፀጋዬ» የተመዘገበ በ«ጸጋዬ» ሲፈለግ የማይገኝበት ጊዜ አለ። «ሥነ ጽሑፍ»ን በንጉሡ ሠ የጻፈና በእሳቱ ሰ የጻፈም እንዲሁ ይተላለፋሉ። (ስለ ሞክሼ ፊደላት የምንከራከር ሁሉ አንድ ቀን ፍለጋ ላይ ብንቀመጥ ደግ ነበር።) በውጭ አገር በታተሙ ዋቢዎች ደግሞ ጸሐፊው አንዳንዴ በአባቱ ስም ይገባል፤ ዘመኑም በእነርሱ አቆጣጠር ይሆናል።

ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የጥንት ኅትመት ለሚፈልግ፣ እስቲቨን ራይት በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቀደምት ኅትመቶች ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው። ለመጽሔት ግጥምና ሂስ ግን ጥራዙን ገጽ በገጽ ከመግለጥ የሚያድን አቋራጭ አላገኘሁም። አቧራ አለው፣ ጊዜ ይበላል፤ የጎደለ ቁጥርም ያጋጥማል።

አሁን ተማሪዎቼን «የለም» ብለው እንዲጽፉ አልፈቅድም። የትኛውን መጽሔት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንዳገላበጡ፣ የትኛው ቁጥር እንደጎደለባቸው እንዲመዘግቡ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ለሁለት ሳምንት ከመነን ጥራዞች ጋር ከርማ ስትመለስ፣ እኔ በማስተርስ ጽሑፌ «አልተተቸበትም» ያልኩትን ገጣሚ የሚተች ጽሑፍ ገልብጣ አመጣችልኝ።